ቺፕና ጭቃ በመካኒሳ

ከመካኒሳ ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ ብሎኬትና መስታወት ከየአቅጣጫው እየገፋ በመጣበት ሰፈር፣ በጭቃና በጭድ የተሠራ ሙዚየም አለ። በሩን ያለፈ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው በፍሬም የተሰቀለ ሥዕል ሳይሆን ግድግዳው ነው። ግድግዳው ለጥ ያለ አይደለም። እዚህ ጎበጥ፣ እዚያ ሰርጎድ ይላል። መስመሩ ይጠማዘዛል፤ አንዱ ክብ ሌላውን አቅፎ ይሄዳል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው የመስመሮቹ ጥላ ይረዝማል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ይጠፋና ያው ሁላችንም የምናውቀው ምርጊት ይሆናል። በድንጋይ የተነጠፈው መንገድ በአትክልት መደቦች መካከል ያልፋል። ላሞች አሉ፤ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። የብዙ ጎብኚ እጅ፣ ባለቤቱ ሳያስበው፣ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

ይህ ዞማ ሙዚየም ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ግቢ የሁለት ሰዎች የረጅም ዘመን ሥራ ነው። አንዱ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ፣ ሌላዋ አንትሮፖሎጂስትና የዐውደ ርዕይ አዘጋጅ መስከረም አሰግድ ናቸው። ሁለቱ በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ የአገሬውን የቤት አሠራር አጥንተዋል፤ ያዩትን አምጥተው መካኒሳ ላይ በጭቃ ጽፈውታል።

ኤልያስ በዓለም ሙዚየሞች ስማቸው የሚጠራው ግን በጭቃ አይደለም። የተጣለ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ያረጀ የሞባይል አካልና ከሁሉም በላይ ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ ናቸው የእሳቸው ቀለምና ሸራ። እንግዲህ አንድ ሠዓሊ በአንድ እጁ ጭቃ፣ በሌላው የቺፕ ፍርስራሽ ይዟል። ሲያዩት ምድርና ሰማይ የሆኑ ነገሮች ይመስላሉ። ወደ ውስጣቸው ጠልቆ ላየ ግን ጭቃውም ቺፑም ጠባያቸውን የሚያገኙት ከአንድ ዓለም ነው፤ በናኖሜትር ከሚለካው ዓለም። የሚለያዩት እጃችን ወደዚያ ዓለም ምን ያህል ይገባል በሚለው ላይ ነው።

መርፌና ሽቦ

ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ መርፌ ይዘው መጥለፍ፣ የተሰበረ ዕቃ መጠገን ይወዱ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግራፊክ ጥበብ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዎቻቸው ክርና ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ላስቲክ፣ የእንስሳ ቆዳና ቀንድ ገብተውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ አጠገብ በሚገኘው የሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም መስከረም አሰግድና የቴአትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ አንድ ላይ ሆነው ትልቅ ዐውደ ርዕይ አሰናዱላቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው "ታይትሮፕ" የተሰኘው ተከታታይ ሥራ ነው። ርዕሱ በተወጠረ ገመድ ላይ የሚራመደውን ሰው ያስታውሳል፤ ሠዓሊው በቴክኖሎጂና በተፈጥሮ መካከል የምናደርገውን ሚዛን መጠበቅ ማለታቸው ነው። አሠራሩ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት አድካሚ ነው። ሽቦው እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ በጣውላ ላይ ይዘረጋል፤ በትንንሽ ሚስማር ይመታል። ረድፍ በረድፍ፣ ቀለም በቀለም እየተደረደረ ጣውላው ይሞላል፤ ጣውላ ከጣውላ ይገጠምና ሥራው የአንድ ክፍል ግድግዳ ያህል ይሰፋል። ከሩቅ ያየው ሰው ከአውሮፕላን መስኮት የታየ ማሳ፣ ወንዝ፣ የከተማ መንገድ ነው ብሎ ይምላል። ሦስት እርምጃ ቀርቦ ሲያየው ማሳው ሽቦ፣ ከተማው ማዘርቦርድ ሆኖ ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባለው የሃሚልተን ኮሌጅ የዌሊን ሙዚየም "ታይትሮፕ" የተሰኘውን ሰፊ ዐውደ ርዕይ ከፈተ፤ ዐውደ ርዕዩ በኋላ ወደ ሌሎች ሙዚየሞች ተጉዟል። ኤልያስ በ2020 ለሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ስድስት ሠዓሊዎች አንዱ ነበሩ። በ2022 ደግሞ በቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ዐውደ ርዕይ ላይ ሥራቸው ቀረበ።

ከቁራሌው እስከ ጣውላው

ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት ይመጣል? የአዲስ አበባ ሰው መልሱን በጆሮው ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት በየመንደሩ "ቁራሌው!" እያለ የሚያልፈው ሰው የተሰበረ ሬዲዮ፣ የነደደ ስታቢላይዘር፣ ስክሪኑ የጠፋ ቴሌቪዥን በጆንያው ይዞ ይሄዳል። ልዋጭ የሚሉት ደግሞ በፕላስቲክ ሳፋ ለውጠው ይወስዱታል። ዕቃው ተሰብስቦ መርካቶ ይገባል፤ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ይበተናል። ብረቱ ለብረት፣ መዳቡ ለመዳብ፣ የሚሠራው ክፍል ለጠጋኝ ይሄዳል። የሚጠቅም ነገር የወጣለት ቅራቅንቦ ደግሞ ጥግ ላይ ይከመራል።

ኤልያስ የሚገዙት ከዚህ ገበያ ነው። አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሽቦ ለአንድ ትልቅ ሥራ እስኪበቃ ድረስ መጠበቅ አለ። ሠዓሊ በሱቅ ቀለም ሲገዛ ሰማያዊው ካለቀበት ሌላ ቱቦ ያመጣል፤ እዚህ ግን ሰማያዊው የሚገኘው የሆነ መሥሪያ ቤት የስልክ መስመሩን ሲቀይር ነው። ሥዕሉ የከተማዋን የቴክኖሎጂ ዕድሜ ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው።

የሽቦው ቀለም ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ኤሌክትሪክ ቀለም አያውቅም፤ ቀይ ለባሹ ሽቦም ቢጫ ለባሹም ያንኑ መዳብ ይዘዋል። ቀለሙ የተቀባው ለሰው ነው። የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ ቢሸለቀቅ ውስጡ 4 ጥንድ ሽቦ ይገኛል፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቡናማ፣ እያንዳንዱም ነጭ ጓደኛ አለው። የቴሌ ሠራተኛ ጉድጓድ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የትኛው መስመር ከየትኛው እንደሚጋባ የሚለየው በእነዚህ ቀለሞች ነው። ሽቦ፣ ቴክኖሎጂ ለሰው ዓይንና ለሰው ጣት የሚናገርበት የመጨረሻው ደጃፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሽቦው ቦርዱ ላይ ደርሶ ከቺፑ ጥቁር ክዳን ሥር ሲገባ፣ ለዓይን የሚባል ነገር ያበቃል።

ከክዳኑ ሥር

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። ሳይንቲስቶች ናኖቴክኖሎጂ የሚሉት በጥቅሉ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው መጠን ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው።

ቺፕ ወደዚህ መጠን የወረደው ደረጃ በደረጃ ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ቤል ላብስ ሲፈለሰፍ በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር። በ1971 ኢንቴል ያወጣው 4004 የተባለ ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ የመስመሮቹ ስፋትም 10 ሺህ ናኖሜትር፣ ማለትም ከቀይ የደም ሴል ትንሽ የሚበልጥ ነበር። በ2004 ገደማ ገበያ ላይ የዋሉት የፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች በ90 ናኖሜትር ሥልት ተሠሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ የቢሮ ኮምፒውተር መግዛት፣ ማንም ሳያስተውለው፣ ናኖቴክኖሎጂ መግዛት ሆነ። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም1 ቺፕ 16 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች ይዟል። የተሠራበት ሥልት 5 ናኖሜትር ይባላል፤ ይህ ግን የገበያ ስም ነው፤ በትራንዚስተሮቹ መካከል ያለው ርቀት 50 ናኖሜትር ገደማ ነው።

ስለዚህ ምናለሽ ተራ ላይ የተከመረው የቦርድ ክምር፣ ለሚያነበው ሰው፣ እንደ መሬት ንብርብር ዘመን ይናገራል። የታችኛው በማይክሮ የሚለካ፣ የላይኛው በናኖ የሚለካ ነው። "ታይትሮፕ" ሥራዎች ውስጥ የተሰካ ማዘርቦርድም ከእነዚህ ንብርብሮች የአንዱ ነው።

ጉዞው በቺፑ ብቻ አያበቃም። ቦርዶች ላይ የሚታዩት ቢጫ ወይም ጥቁር ትንንሽ ጡቦች ብዙ ጊዜ የታንታለም ካፓሲተሮች ናቸው። በውስጣቸው ኤሌክትሪክ የሚያግደው የታንታለም ኦክሳይድ ሽፋን የሚሠራው በኬሚካል ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተለቀቀበት ነው፤ በእያንዳንዱ ቮልት ሁለት ናኖሜትር ገደማ እየወፈረ ይሄዳል። ታንታለም ደግሞ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በጉጂ ዞን ያለው የቀንጢቻ ማዕድን ለዓመታት ለውጭ ገበያ ሲያቀርብ ኖሯል። ማዕድኑ በድንጋይነቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ ዕቃው ተሠርቶ በኮንቴይነር ይመጣል፤ ሲያረጅ ቁራሌው ይወስደዋል። በመካከል ያለው ሥራ፣ ድንጋዩ ናኖሜትር ሽፋን የሆነበት፣ የእኛ እጅ ያልነካው ነው።

ቀለም የሌለበት አገር

እዚህ ላይ ናኖቴክኖሎጂ ሠዓሊን የሚያስቸግርበት ነጥብ አለ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከብርሃኑ ሞገድ በጣም ያነሰ ነገር በተራ ማይክሮስኮፕ ተለይቶ አይታይም። አንድ ብቸኛ ትራንዚስተር ቀለሙ ምንድነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። መጠኑን ማየት የሚቻለው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ ኤሌክትሮን ደግሞ የሚያመጣው ምስል ጥቁርና ነጭ ነው። በመጽሔትና በመማሪያ መጽሐፍ የምናያቸው ሐምራዊና ወርቃማ የናኖ ምስሎች ቀለማቸው በኋላ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ባለ ቀለም የናኖ ምስል ሁሉ፣ ሳይንቲስቱ አመነም አላመነም፣ የሠዓሊ እጅ አለበት።

ሳይንቲስቶቹም ወደዚያ ዓለም የገቡት እየጻፉና እየሣሉ ነው። ፊዚሲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1959 ካሊፎርኒያ ላይ ባደረጉት ንግግር ሃያ አራቱን የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፔዲያ ቅጾች በስፒል ራስ ላይ ለመጻፍ ምን ይከለክለናል ብለው ጠየቁ፤ የአንድ መጽሐፍ ገጽ 25 ሺህ ጊዜ አሳንሶ ለጻፈም 1,000 ዶላር ሽልማት አቀረቡ። ሽልማቱን በ1985 የወሰደው የስታንፎርድ ተማሪው ቶም ኒውማን፣ በኤሌክትሮን ጨረር የጻፈው የቻርልስ ዲክንስን ልብ ወለድ የመጀመሪያ ገጽ ነበር። በ1989 የአይቢኤሙ ዶን ኤይግለር 35 የዜኖን አቶሞችን አንድ በአንድ እየገፋ የድርጅቱን ስም ሦስት ፊደል ጻፈ። በ2013 እዚያው ድርጅት ውስጥ ሞለኪውሎችን እያንቀሳቀሱ ከኳስ ጋር የሚጫወት ልጅ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠሩ። ከሥነ ጥበቡ ወገን ደግሞ ሠዓሊዋ ቪክቶሪያ ቬስናና ናኖ ተመራማሪው ጄምስ ጊምዜውስኪ በ2003 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎብኚ በአካሉ የሚገባበት የናኖ ዐውደ ርዕይ አቀረቡ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ማንም ያላዘዘው ሥዕል ነው። ቺፕ ንድፍ አውጪዎች በሲሊኮኑ ባዶ ጥግ ላይ እንስሳ፣ መኪና፣ የካርቱን ገጸ ባሕርይ፣ አንዳንዴም የራሳቸውን ስም ይሥሉ ነበር። ሥዕሉ ለማሽኑ ምንም አይሠራም፤ ዕቃውን የሚገዛውም ሰው መኖሩን አያውቅም። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የማይክሮስኮፕ ባለሙያ ማይክል ዴቪድሰን እነዚህን ሥዕሎች አድነው ሰበሰቧቸው። አሜሪካ በ1984 የቺፕ ንድፍን የሚጠብቅ ሕግ ከማውጣቷ በፊት ሥዕሎቹ ጥቅም ነበራቸው፤ ተፎካካሪ ቺፑን ገልብጦ ከሠራ ትንሿን ሥዕል ጭምር ስለሚገለብጥ ሌብነቱ ይጋለጣል። ከሕጉ በኋላ ያ ምክንያት ቀረ፤ ሠሪዎቹ ግን ወዲያው አልተውትም። ሰው በሠራው ነገር ላይ የእጁን አሻራ መተው ይፈልጋል።

ይህ የኤልያስን ሥራ በሌላ ዓይን እንድናይ ያደርገናል። ሌሎቹ ሁሉ ሥዕልን ወደ ታች፣ ወደማይታየው አወረዱት። መካኒሳ ላይ ያለው ጉዞ ተቃራኒ ነው። ሠዓሊው ከጣት በላይ ረቆ የሄደውን ነገር ይዘው ወደ ጣት መጠን፣ ከዚያም ወደ ግድግዳ መጠን ያወጡታል። ትራንዚስተሩን አያሳዩንም፤ የሚያሳዩን ትራንዚስተሩ የሚያስከትለውን ብዛት ነው። በአንድ ጣውላ ላይ የተመቱትን ሽቦዎች ለመቁጠር የሞከረ ጎብኚ ሲሰለቸው፣ ቢሊዮን የሚባለው ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደት ያገኛል። ሽቦውም ቀለሙን ይዞ የመጣው ቴክኖሎጂ ለዓይን ከሚናገርበት ከዚያ የመጨረሻ ደጃፍ ላይ ነው።

ጥቀርሻና መረሬ

ናኖ ሲባል ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ስሙ አዲስ በመሆኑ ነው። በለንደን ብሪትሽ ሙዚየም ያለው የሊከርገስ ጽዋ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮም ባለሙያዎች የሠሩት ብርጭቆ ነው። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ ነው፤ ብርሃን ከውስጡ ሲያልፍ ቀይ ይሆናል። ምክንያቱ በብርጭቆው ውስጥ የተበተኑ፣ 70 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የወርቅና የብር ቅንጣቶች ናቸው። ሠሪዎቹ ቅንጣቶቹን አላዩም፤ ውጤታቸውን ግን አይተዋል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የብራና ጸሐፊው ቀለም አለ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ጥቁሩ ቀለም የሚዘጋጀው ከጥቀርሻ ነው። ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀው ጥቀርሻ ከተቆላ እህል ጋር ይወቀጣል፤ በውኃ ይለወሳል፤ ለወራት እየታሸ ይቆያል። ጥቀርሻ ከእሳት ጭስ የሚረግፍ ካርቦን ነው፤ አንድ ቅንጣቱ በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች የሚለካ ነው። ቅንጣቶቹ እንዲሁ ቢተዉ እርስ በርስ ተጣብቀው ይዘቅጣሉ። ከእህሉ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር እየለበሳቸው ተለያይተው በውኃው ውስጥ እንዲንሳፈፉ ያደርጋል። ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ናኖ ቅንጣትን በፈሳሽ ውስጥ በትኖ ማቆየት ራሱን የቻለ የምርምር ርዕስ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ያንን ችግር በወቀጣና በትዕግሥት ይፈታዋል። ካርቦን በብርሃን አይለቅም፤ ብራናውንም አይበላም። መቶ ዓመታት ያለፉት መጽሐፍ ዛሬም ጥቁር ሆኖ የሚነበበው በዚህ ነው።

ጭቃስ? የአዲስ አበባ ደቡብ ብዙው ክፍል ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው መረሬ ይለዋል። ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ሲገባ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መሐንዲስ የሚፈራው ለዚህ ነው፤ መሠረት ያነሳል፣ አስፋልት ይገለብጣል። ጠባዩ የሚመጣው ከሸክላ ማዕድኑ ነው። የማዕድኑ ቅንጣት እንደ ተደራረበ እንጀራ የተነባበሩ ስስ ቅጠሎች ክምር ሲሆን የአንዱ ቅጠል ውፍረት 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ሲገባ ክምሩ ይነሳል፤ ሲደርቅ ይወርዳል። ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው የዚህ ማዕድን አንድ ግራም ቅጠሉ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። ጥቂት የመካኒሳ ቤቶች በአንድ ግራም የዚህ ማዕድን ገጽ ላይ ይቆማሉ ማለት ነው።

የጭቃ ቤት ባለሙያ ይህን ጠባይ በእጁና በእግሩ ያውቀዋል። አፈር ይመርጣል፤ ጭድ ይጨምራል፤ ውኃ ያጠጣል፤ ይረግጣል፤ ከዚያ እንዲቦካ ይተወዋል። ጭዱ ሲደርቅ የሚመጣውን ስንጥቅ ይይዛል። በሚቦካበት ጊዜ ደግሞ ከጭዱ የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር የሸክላ ቅጠሎቹን ያያይዛል። ቀን ካልሞላው ምርጊት ይልቅ በደንብ የቦካው የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ባለሙያው ጭቃው መድረሱን የሚያውቀው በጠረኑና በጣት ሲታሽ በሚሰጠው ልስላሴ ነው። የዞማ ግድግዳዎች የቆሙት በዚህ ዕውቀት ላይ ነው። ዝናብ ሲሸረሽረው በዚያው አፈር ይመረጋል፤ ፋብሪካ አይጠበቅም።

ማን ይጠግነዋል?

አሁን ጭቃውንና ቺፑን ጎን ለጎን እናድርግ። በጀሞ፣ በሳሪስና በላፍቶ በየመንገዱ ዳር ያሉት የሞባይል ጠጋኞች የእጃቸው ጥበብ የሚደነቅ ነው። በማጉያ መነጽር እያዩ፣ በሙቅ አየር እያቀለጡ ከጥፍር ያነሰ ቺፕ ነቅለው ሌላ ይተክላሉ። ነገር ግን የእነሱም እጅ የሚቆመው ቺፑ ክዳን ላይ ነው። ከክዳኑ ሥር የተበላሸ ነገር ካለ ቺፑ በሙሉ ይጣላል። ጭቃውም ቺፑም በናኖሜትር የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን ግን ጎረቤት ይጠግነዋል፣ ሌላውን ዓለም ላይ ከጥቂት ፋብሪካዎች በስተቀር ማንም አይነካውም።

የማይጠገን ዕቃ መጨረሻው ቁልል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ዘገባ መሠረት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች። በሥርዓቱ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 22.3 በመቶው ነው። በቀረው ውስጥ ወርቅና መዳብ ብቻ ሳይሆን እርሳስና ካድሚየምም አለ። መዳብ ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥል ልጅ ያንን ጭስ ይስባል።

አንዳንድ ተመልካች የኤልያስን ሥራ በዚህ መነጽር ብቻ ያየዋል፤ ቆሻሻን ወደ ውበት የለወጠ ሠዓሊ ይላቸዋል። ይህ ውዳሴ ሥራውን ያሳንሰዋል። ጥቂት ጣውላዎች ከ62 ሚሊዮን ቶን ላይ የሚቀንሱት ነገር የለም፤ ሠዓሊውም ሥራቸው መልሶ የመጠቀም ትምህርት ሆኖ እንዲታይ አይደለም የሚደክሙት። ሌላው ወቀሳ ደግሞ ከተቃራኒው ይመጣል፤ ድህነት የሚለቅመውን ቅራቅንቦ አሽሞንሙኖ ለሀብታም ሙዚየም መሸጥ አይሆንም ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ገንዘቡና ስሙ ተመልሶ የት እንዳረፈ በማየት ይመስለኛል። ያረፈው መካኒሳ ነው፤ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ባለበት፣ የጭቃ ሙያ ክብር ያገኘበት ግቢ ውስጥ።

ኢትዮጵያም ናኖቴክኖሎጂን ከዩኒቨርሲቲ ደጅ አስገብታለች። በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ቂሊንጦ ላይ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙም ሳይርቅ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። በአንድ ወገን ናኖሜትርን የሚለኩ ወጣት ተመራማሪዎች፣ በሌላ ወገን ናኖሜትርን በጣታቸው የሚያቦኩ የጭቃ ባለሙያዎች በአንድ የከተማ ዳርቻ ይኖራሉ።

ቺፕ ፋብሪካ ነገ አናቆምም፤ አንዱ ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ነገር ነው። በጭቃው በኩል ያለው በር ግን ክፍት ነው። ጭድ ስንት ቀን ሲቦካ ነው ምርጊት ዝናብን የሚቋቋመው? የየትኛው አካባቢ አፈር ከየትኛው ጋር ቢደባለቅ መረሬው መሰንጠቁን ይተዋል? የትኛው እህል ነው ጥቀርሻን በቀለም ቀንድ ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚያቆየው? መልሱ በከፊል በአረጋውያን ባለሙያዎች እጅ ነው፤ በከፊል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ባለሙያዎቹ በብሎኬት እየተተኩ ሲሄዱ ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ ይጠፋል፤ ማይክሮስኮፑ ቢመጣም የሚለካው ነገር አያገኝም።

ሥነ ጥበብ እዚህ ያለው ድርሻ ማስዋብ አይደለም። መስከረምና ኤልያስ ጭቃን ከድህነት ምልክትነት አውጥተው ሰው በትኬት ገብቶ የሚያየው ነገር ባያደርጉት ኖሮ፣ ጭቃን ላቦራቶሪ ይግባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መገኘቱ ያጠራጥራል። አንድ ነገር ለምርምር የሚበቃው መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ተደርጎ ሲቆጠር ነው። ያንን ሥራ ሠዓሊዎቹ ሠርተዋል። ቀጣዩ የመሐንዲሶቹ ተራ ነው፤ መንገዱም ከቂሊንጦ እስከ መካኒሳ በታክሲ የሚሄዱት ነው።